ድሮኗን የምታርመው ሴት

ከሰፈራችን ሥር ማዕድን ስለሚቆፈር፣ መሬቱ እየሰመጠ እንደሆነ ለማየት በየወሩ ድሮን በላያችን እየበረረች ፎቶ ታነሳለች። ከድሮኗ በኋላ ደግሞ ልኬቷ ትክክል መሆኑን በመሣሪያ የምታጣራ አንዲት ሴትዮ ትመጣለች። ፀሐይ ያነጣው ሰደርያ ትለብሳለች። እግሯን ከማሳረፏ በፊት መሬቱን በጫማዋ ጫፍ ነካ ታደርጋለች። «እህቴ፣ ግቢና አረፍ በይ» ስላት፣ «ደጅ ይሻለኛል» ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከጣራዬ አይነሳም።

ዛሬ ከግድግዳዬ ጥግ የተተከለውን የልኬት ብረት ሦስት ጊዜ ለካችው።

«ድሮኗ ተሳስታለች፣ አይደል?» አልኳት። ባለፈው ወር «አንዳንዴ ትሳሳታለች» ብላኝ፣ በዚያው ተጽናንቼ ነበር የሰነበትኩት።

«ተሳስታ በሆነ ብዬ ነው ሦስቴ የለካሁት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልክ ናት። መሬቱ በአንድ ወር አንድ ስንዝር ወርዷል።»

ከውስጥ የልጆቼ ሳቅ ይሰማል። ሴትዮዋ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ። ዕቃ ልምረጥ እንዳትይ» አለችኝ። «እኔ ቤቴ የሰመጠ ቀን ዕቃ ስመርጥ ነው የዘገየሁት።»