የአለቃ ደረቅ ወንበር

አለቃ ዕድሜያቸውን በመጋዘን ኃላፊነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «አለቃ» የተባሉት በሥራ ቦታ ቢሆንም ጡረታ ስሙን አላስጣላቸውም፤ ጠባዩንም እንዲሁ። በመጋዘኑ ዕቃ ሲጎድል ጥፋቱ የአይጥ ነበር፤ ሲሰበር የተሸካሚው። በእሳቸው እጅ የተበላሸ ነገር እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አሮጌ ሚኒባሳቸውን ለልጃቸው ባል ሲሸጡ፣ የፊት መስታወቱን በትልቅ ጋራዥ፣ በፋብሪካ ማጣበቂያ እንዳስቀየሩ ለሰማም ላልሰማም ተናገሩ። እውነቱ ሌላ ነው። መስታወቱን የለጠፈላቸው አንድ የመንገድ ዳር ሠራተኛ፣ ከሌላ መኪና በተረፈ ሙጫ ነው፤ በርካሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ አለቃ ከዚያ ወዲህ ቃላቸውን ሊያጥፉ አልፈለጉም።

የልጃቸው ባል በሚኒባሱ ሕፃናትን ወደ ትምህርት ቤት ያመላልሳል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር እግር ሥር ውሃ ይጠራቀማል፤ ምንጣፉም ይሸታል። ወላጆች አጉረመረሙ። ርእሰ መምህርቷም መኪናው እስከ ሰኞ ካልደረቀ ልጆቹን ለሌላ ሾፌር እንደምትሰጥ ቁርጡን ነገረችው። ያ ቤት ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

አለቃ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ቢሆንም በመጀመሪያ የበሩ ጎማ ነው አሉ፤ ጎማው ተቀየረ፤ ውሃው ገባ። ቀጥለው ሕፃናቱ ከኮዳቸው እያፈሰሱ ነው አሉ። በመጨረሻ ጥፋቱን በሾፌሩ አስተጣጠብ ላይ ጣሉት። እያወቀ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ቅዳሜ ሾፌሩ ደጁ ላይ የውሃ ጎማ ዘረጋ። ስልቱ ቀላል ነው፤ አንዱ ውስጥ ተቀምጦ ያያል፤ ሌላው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ ቦታ በቦታ፣ በዝግታ ያፈስሳል። ከላይ የጀመረ እንደሆነ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚያርስ መግቢያው አይለይም። አለቃ ጎማውን ከእጁ ነጥቀው ከጣሪያው ጀመሩ። ከዚያም ሁሉም ቦታ የሚያፈስስ መኪና የባለቤቱን ስንፍና እንደሚያሳይ አስረዱ። ሾፌሩ ወደ ሚስቱ ዞር አለ።

ሚስቱ አባቷን ጥርሷን ሳትነቅል ጀምሮ ታውቃቸዋለች። መኪናውን በጨርቅ አደራርቃ ቀረበቻቸው።

«አባዬ፣ ካንተ ዓይን የሚያመልጥ የለም። አንተ ግባና ውስጥ ሆነህ ንገረን፤ እሱ ያፍስስ።»

ሙገሳ ሲያገኙ የማይገቡበት ጉድጓድ የለምና አለቃ ዘለው ገቡ። ሾፌሩ ከበሩ ሥር ጀመረ። ከውስጥ «ደረቅ» የሚል ድምፅ መጣ። ወደ በሩ ጠርዝ ወጣ፤ አሁንም «ደረቅ»። የመስታወቱ ግርጌ ላይ ሲደርስ መልሱ ዘገየ።

«አባባ፣ እንዴት ነው?»

«ደረቅ ነው አልኩህ እኮ። ዝም ብለህ አፍስስ።»

ልጃቸው በሩን ከፈተችው። ከዳሽቦርዱ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ውሃ በአለቃ ጭን ላይ ይወርዳል። ሱሪያቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ርሷል፤ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ሸፍነው፣ በላዩ ላይ እንደሸና ሕፃን ተኮማትረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው አባዬ?»

«ላብ ነው። ዘግታችሁብኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

አልሳቀችም።

«ሰኞ የሰው ልጆች እዚህ ላብ ላይ ሊቀመጡ ነው? መስታወቱን ማን ነው የገጠመልህ?»

«ትልቅ ጋራዥ…» ብለው ጀመሩ፤ ጋራዡ የት እንደሆነ ስትጠይቃቸው ጫማቸውን ማየት ያዙ። ወደ ባሏ ዞራ፣ «ይነቀል» አለች።

በዚያኑ ዕለት የተጠራው መስታወት ገጣሚ ሙጫውን በጥፍሩ ላጠው። ንጹሕ ማጣበቂያ አድርጎ መስታወቱን መለሰ። እሑድ ሙሉ ቀን ዘነበ። ሰኞ ጠዋት ርእሰ መምህርቷ ምንጣፉን በመዳፏ ዳብሳ፣ ሕፃናቱ እንዲገቡ ፈቀደች።

አለቃ ዛሬ፣ ውሃው የሚገባበትን ያገኙት እሳቸው እንደሆኑ ለጎረቤት ሁሉ ይናገራሉ። ሱሪያቸውን ጨምቃ ያሰጣችው ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ትሰማለች።