በሬ ያስፈታ ቀጠሮ

ዳኛ ሆኜ ቡሬ ላይ የተሰየምሁ ዕለት የሠራሁትን ጉድ ሚስቴ እስከ ዛሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራዋለች። ችሎት ጸሐፊዋ «ተነሡ» ብላ ሰው ሁሉ ሲነሣ፣ እኔም ወንበሬ ፊት ቀጥ ብዬ ቆምሁና ድምፄን ሞረድ አድርጌ «ክቡር ፍርድ ቤት» ብዬ ጀመርሁ። ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን ፍኖተ ሰላም ላይ ጥብቅና ስቆም የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አፌ ገና አልተሾመም ነበር። ባለጉዳዮቹ ክቡር ፍርድ ቤቱ ወዴት እንዳለ ግራ ገብቷቸው ወደ ጀርባዬ አዩ። ጸሐፊዋ ሣቋን ለመደበቅ ጠረጴዛው ሥር የወደቀ እስክሪብቶ ስትፈልግ ቆየች፤ የወደቀ እስክሪብቶ ግን አልነበረም።

በጥብቅናውና በዳኝነቱ መሐል ደግሞ ፖለቲካ አለች። ተመርጬ ምክር ቤት ገብቼ ነበር። ቅስቀሳ ላይ ገጠር እየወረድሁ ለአንዱ መንደር መንገድ፣ ለሌላው ድልድይ ቃል እገባለሁ። ሰው ፊቱ ሲፈካ ማየት ነፍሴ ነው፤ «አይሆንም» ማለት ከአፌ አይወጣልኝም። በሚቀጥለው ምርጫ ሕዝቡ በጨዋ ደንብ አሰናበተኝ። ከፖለቲካው ጨርሼ ወጥቼ ዳኛ ከሆንሁ በኋላ እንኳ የቡሬ ገበያ ውስጥ «ድልድዩስ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እየሣቁ ስለሚጠይቁኝ እየሣቅሁ አልፋቸዋለሁ። ሚስቴ ሹመቱን ስትሰማ «እሰይ፣ አሁን እንኳ ደመወዝ የሚከፈልህ ዝም ብለህ ለማዳመጥ ነው» አለችኝ።

ለማዳመጥ ብዙም ሳልቆይ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ካለ መንደር ሁለት ጎረቤታሞች ቀረቡልኝ። ከሳሿ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጠይም፣ ረጋ ያሉ እናት ናቸው። ተከሳሹ አጥር ለአጥር የሚጎራበታቸው ጎልማሳ ገበሬ ነው። እሳቸው አንድ በሬ አላቸው፤ እሱም አንድ። በአንድ በሬ አይታረስምና ሁለቱን አቀናጅቶ የራሱንም የእሳቸውንም ማሳ የሚያርሰው እሱ ነበር። እንዲህ ተሳስበው ሲኖሩ፣ ሲያርስ ድንበሬን ገፋብኝ ብለው ከሰሱት። ከዚያ ወዲህ በሬዎቹ አንድ ቀንበር ሥር አልገቡም።

በቆሎ የሚዘራበት ወቅት ደርሶ ነበር። የእናትየዋ ማሳ ሳይታረስ ዝናቡ ካለፈ የዓመት ቀለባቸው ቀረ ማለት ነው። ሌላ የሚያቀናጁትም ሰው የለም፤ አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ሁሉ አስቀድሞ ከሌላ ጋር ተቀናጅቶ ጨርሷል። ይኸን ከመጀመሪያው ዕለት ነግረውኛል፤ እውነት ለመናገር ከድንበሩ ይልቅ የጨነቀኝ እሱ ነበር። ሕጉ ድንበሩን ይለይልኛል እንጂ፣ «በሬህን አምጣና ከእሳቸው በሬ ጋር ጥመድ» ብዬ የማዝዝበት አንቀጽ ከየት አመጣለሁ?

መሬቱ ተለክቶ ውጤቱ መጣ። ሰውየው ገፍቷል፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ገፍቷል። ልፈርድ ብዬ ፊቱን አየሁትና ፈራሁ። ብፈርድበት አኩርፎ በሬውን ይዞ ይቀራል፤ እናትየዋ መሬታቸውን አገኙ፣ እህላቸውን አጡ። ስለዚህ በሽማግሌ እንዲታረቁ ብዬ ቀጠሮ ሰጠሁ።

ከችሎት ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው እናትየዋ ካመጡት አገልግል ይበላሉ። ሲጨርሱ እሱ አገልግሉን ተሸከመላቸው፤ አብረው ወደ መናኸሪያ ወረዱ። በሚቀጥለውም ቀጠሮ እንዲሁ። ልቤ ጮቤ ረገጠ። እነዚህ ሰዎች እየታረቁ ነው፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልጉት ብዬ ሌላ ቀጠሮ ጨመርሁላቸው። ቤቴ ገብቼ በትዕግሥቴ ስኩራራ ሚስቴ «ታዲያ አረሱ?» አለችኝ። እሱ ይደርሳል አልኋት። እሷም ዳኝነት ላይ የፖለቲካ ቃል አትጠቀም ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ዝናቡ መጣል ጀመረ። በቀጠሯቸው ቀን ሁለቱም እግራቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቀረቡ። ሽማግሌዎቹ ገና አልጨረሱም አሉኝ። እኔም መቼስ ልማዴ ነው፣ ጥቂት ቀን ልጨምርላችሁ ብዬ ስጀምር ተከሳሹ እጁን አወጣ። እንዲናገር ፈቀድሁለት። ጋቢውን ከትከሻው አወረደና አንገቱን ደፋ።

«ጌታዬ፣ ይፍረዱብኝ» አለ።

በጥብቅና ዘመኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ተከሳሽ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ምን ማለትህ ነው ብዬ ጠየቅሁት። እሱም ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው አስረዳኝ። በአገራቸው ሰው ቢካሰስም እህል ውኃ አብሮ ይቀምሳል፤ መንገድም አብሮ ይሄዳል፤ ይኸ ነውር የለበትም። በክስ መሐል ግን በሬ አይቀናጅም። ነገሩ ሳይቆረጥ ቢጠምዱ ሰብሉ አይባረክም፣ ሰውም ይታዘባቸዋል። ተፈረደለትም ተፈረደበትም፣ ነገሩ ከተቆረጠ ግን በማግስቱ መጥመድ ይቻላል። በሬዎቹን ያስፈታቸው ጠቡ ሳይሆን የእኔ ቀጠሮ ነበር።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ዕርፍ ጨብጬ አላውቅም፣ ይኸን ማን ይንገረኝ? ወደ እናትየዋ ዞሬ እውነት ነው ወይ አልኋቸው። እውነት ነው አሉ። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ ብላቸው መሬት መሬቱን እያዩ «ዳኛ ቶሎ በል ይባላል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርሁበት፣ እንደዚያም መሣቅ ያማረኝ ሰዓት የለም።

ጥቂት ዕረፍት ወስጄ ፍርዱን ጻፍሁ። ተመልሼ ሳነብብ ሁለቱም ቆመው ሰሙኝ። ድንበሩን ገፍቷል፣ የገፋውን ይልቀቅ አልሁ። ሰውየው እጅ ነሣ። እናትየዋ «ተመስገን» አሉ፤ እፎይ ሲሉ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

ግን ሕጉ ያዛል፤ ሳልናገር ልተወው አልችልም። ፍርዱ ቅር ካሰኘህ ይግባኝ የማለት መብት አለህ አልሁት። የእናትየዋ ፊት ወዲያው ጠቆረ።

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «ይግባኝ ካልሁ ነገሩ አልተቆረጠም ማለት ነው?»

አዎ፣ አልተቆረጠም ማለት ነው አልሁት። በመስኮቱ በኩል ደመናው ሲጠቁር ይታያል። ሰውየው ደመናውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ የተፈረደበትን መሬትም በልቡ ሳያየው አልቀረም።  እኔም ቃል መግባት የለመደው አፌ እንዳያመልጠኝ ብዬ እስክሪብቶዬን ነከስሁ።

«ይቅርብኝ» አለ በመጨረሻ።

እናትየዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እሱ ተጠጉ። «በል እንግዲያ» አሉት፣ «ጠዋት በሬዬን ይዤልህ እመጣለሁ። መጀመሪያ ያንተን ማሳ ነው የምናርስ።»

እሱ አይሆንም አለ፤ የእሳቸው ይቅደም። እሳቸው ደግሞ ማርያምን አይሆንም አሉ፤ የሱ ልጆች ብዙ ናቸው። የተፈረደላቸውም የተፈረደበትም እጅ መንሣቱን እንኳ ረስተው፣ የማን ማሳ ይቅደም እያሉ እየተከራከሩ ከችሎቱ ወጡ። እኔን የጠየቀኝ የለም።