የአባቴ ስድስት ቃላት

አባቴ ከወሎ መጥቶ መቐለ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ሱቁን የሚያውቅ ሁሉ ድምፁን ያውቃል፤ በአማርኛ ይከራከራል፣ በትግርኛ ይቀልዳል፣ በሁለቱም ያሸንፋል። ያ ሰው አንድ ቀን ለጁምዓ ሲዘጋጅ ወደቀ። ቀኝ ጎኑና አንደበቱ አብረው ሄዱ። ጆሮው ይሰማል፣ ልቡ ሁሉን ያውቃል፣ ግራ እጁም እየተንቀጠቀጠች ትነሳለች፤ ከአፉ የሚወጣው ግን አንድ ዓይነት ማጉረምረም ብቻ ነው። ግማሽ ፊቱ ስለማይታዘዘው መሳቁንና መከፋቱን መለየት አቃተን።

ትራስ ስናመጣለት የፈለገው ውሃ ነው፤ ውሃ ስንሰጠው መገላበጥ ነው። ሦስተኛ ስንስት አልጋውን በግራ እጁ ይመታና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ያ ፊቱን ማዞሩ ከምችለው በላይ ሆነብኝ። በዚያን ጊዜ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና እሠራ ነበር፤ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ራሴ ነድፌ ራሴ እበይዳለሁ። ስለዚህ አባቴን በጣቱ እንዲናገር አደርገዋለሁ ብዬ እናቴ ፊት ማልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ መመለሻ አልነበረኝም።

ሰው ሁሉ ታብሌት ግዢለት አለኝ። ሞከርነው። የአባቴን ደረቅ ጣት መስታወቱ አያውቀውም፤ ሲያውቀውም እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ገጹ እየተንሸራተተ ሌላ ቦታ ይገባበታል። ስለዚህ ጫን ሲሉት ብቻ የሚታዘዝ ትንሽ ስክሪን ከአዲስ አበባ አስመጣሁና ከራሴ ቦርድ ጋር አገናኘሁት፤ መብራት ሲጠፋ እንዳይከዳን ባትሪ ጨመርኩለት። ስክሪኑ በራ። ነጭ ነው። ለሳምንታት ነጭ ብቻ ሆነ። ከሥራ እንደወጣሁ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ወዳለው ቤታችን እሮጥና እሱ አጠገብ ተቀምጬ እታገላለሁ፤ እሱም ነጩን ብርሃን እንደኔ አፍጥጦ ያያል። በኋላ ስደርስበት ስክሪኑን የሚያዘው ቺፕ፣ ሻጩ የነገረኝ ሌላ፣ ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ሌላ ነው። ሳላጣራ ነበር የገዛሁት፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ትክክለኛውን ማስነሻ ትእዛዝ ያገኘሁ ቀን አንዲት ጠማማ ቀይ መስመር ወጣች። ለአንዲት መስመር አለቀስኩ።

ቀጥሎ ፊደል አስቸገረኝ። ቦርዱ የአማርኛ ፊደል አያውቅም፣ ሚሞሪውም ጠባብ ነው። ቃላቱን እንደ ሥዕል በነጥብ በነጥብ ሣልኳቸው፤ ከስድስት በላይ አልቻለልኝም። ውሃ፣ አመመኝ፣ አገላብጡኝ፣ ሽንት፣ ሰላት፣ በረደኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ ለኖረ ሰው ስድስት ቃል ስመርጥለት አላፈርኩም፤ የማፍረው አሁን ነው። እናቴ ግን ዝርዝሩን ስትሰማ ተቆጣች።

«ሊጠይቀው የመጣ ሰው ‹እንዴት አደርክ› ሲለው አባትሽ ‹ሽንት› ብሎ ሊመልስ ነው? አልሐምዱሊላህ የሚልበት የለውም?»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ታማሚ ቢያቃስትም መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ሕመሙን የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። «በረደኝ» የሚለውን አውጥቼ «አልሐምዱሊላህ»ን አስገባሁ፣ ከሁሉም አስፍቼ፣ ለግራ እጁ በሚቀርበው ጥግ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ለየቃሉ ቀለም ሰጠሁት፤ ሲነካ ስክሪኑ በሙሉ በዚያ ቀለም ይሞላል። ምስጋናው አረንጓዴ ሆነ። ከጎኑ ያለው «አመመኝ» ቀይ።

መጀመሪያ የነካው «ውሃ» የሚለውን ነበር። ሰማያዊ በራ፣ እናቴ ብርጭቆውን ይዛ ተንደረደረች። ጠጣና ግራ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈ። እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠያቂዎች ቤቱን ሞሉት። ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት በትግርኛ «ምሕረት የውርደልኩም»፣ ምሕረት ያውርድልዎ፣ ብለው እንዴት እንዳደረ ጠየቁት። እጁን አነሳ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ነካ። ቀይ በራ። አንዷ ሴት ማልቀስ ጀመረች፣ እናቴ መሬት መሬት ታይ ጀመር። ጣቱ ስቶ ነው አልኩ፣ ሁሉም ስቶ ነው አሉ። እሱን የጠየቀው የለም። ሰዎቹ እንደሄዱ ፕሮግራሙን ከፍቼ ሁለት መስመር ቀየርኩ፤ በቀዩና በአረንጓዴው ድንበር አካባቢ ያረፈ ንክኪ ሁሉ ለአረንጓዴው እንዲሆን።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰላም ሆነ። ጠዋት ጠዋት እኔ በቀኝ እጁ፣ እናቴ በወገቡ ይዘን እየሳብን እናስቀምጠዋለን። ገና ከመቀመጡ ቦርዱን ይነካል፤ አረንጓዴ ይበራል። ደግሞ ይነካል፤ ደግሞ አረንጓዴ። እናቴ «ቁጭ ባለ ቁጥር ያመሰግናል» እያለች ለሰው ታወራለች። አንዳንድ ቀን አረንጓዴውን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ቦርዱን ይገፋዋል። ደክሞት ነው እላለሁ። ባለሙያ ተብዬ።

ከወር በላይ ቆይቶ አንዲት ነርስ ቤት ድረስ መጥታ አየችው። ቀኝ ትከሻውን ስትዳስስ ፊቷ ተለወጠ።

«በዚህ እጁ ነው የምትጎትቱት? ትከሻው እኮ ከቦታው ወጥቷል። እንዴት አላመመውም?»

እናቴ «አንድም ቀን አመመኝ ብሎ አያውቅም፣ እያመሰገነ ነው» አለቻት። ያኔ ቦርዱን ከአጠገቡ አነሳሁ። ቦርዱ ላይ፣ ኋላ ለማስተካከል እንዲመቸኝ፣ ጣቱ ያረፈበትን ነጥብ ሁሉ እንዲያስቀምጥ አድርጌ ነበር። ኮምፒውተሬ ላይ ዘረገፍኩት። የጠዋቶቹ ነጥቦች ድንበሩ አጠገብ ተከማችተዋል፣ በቀዩ በኩል። አባቴ በየማለዳው አመመኝ ሲል ኖሯል፤ እኔ ነኝ አልሐምዱሊላህ ያስባልኩት።

ሁለቱን መስመሮች አጠፋሁና ቦርዱን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ አንተ አልሳትክም። እኔ ነኝ ቃልህን የለወጥኩብህ። አሁን አስተካክዬዋለሁ፣ ሲያምህ ቀዩን ንካ።»

ፊቱን ወደኔ አዞረ። ከዚያ ግራ እጁን አነሳ፤ ክርኑን አልጋው ላይ አስደግፎ መንቀጥቀጡ እስኪበርድለት ጠበቀና ጣቱን አረንጓዴው መሃል ላይ አሳረፈ። ከድንበሩ የራቀ ቦታ ነው፣ ስህተት አይደለም። እናቴ «ይኸው፣ እያመሰገነ ነው» አለችኝ።

ይቅርታ ይሁን፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ወይስ ወግ መጠበቅ፣ አላውቅም። በቀኝ እጁ መሳቡን ተውን፤ ግን ሲገላበጥ ዓይኑን ጭምቅ ያደርግ ነበር። እስኪሞት ድረስ ቀይ አልነካም። እኔም በየማለዳው እሱ ሳይነቃ በራሴ ጣት እየነካሁ ቀዩ እንደሚሠራ አረጋግጥ ነበር።