ለወፍ የተቀመሰ ዓሣ

ጋሼ ጌታሁን ዓሣ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያስቀምሱት ለወፍ ነው።

ያደጉት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ነው። አባታቸው ከታንኳ ሲወርዱ ከያዙት አንዱን ዳር ላይ ለሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ ለአባ ኮዳዎቹ፣ ይወረውሩ ነበር። ወፉ ዋጥ አድርጎ ሌላ ከጠበቀ ዓሣው ለሰው ይሆናል፤ አሽትቶ ከተወው ማንም አይበላውም። ጋሼ ጌታሁን ይህን ልማድ ሎስ አንጀለስ ድረስ ይዘውት መጡ። ከሰዓት በኋላ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል የእንግዳ መኪና ፓርክ ያደርጋሉ። ዓርብ ጠዋት ግን ባሕሩን በግራ ይዘው ወደ ሰሜን ይነዳሉ።

የሚሄዱባት ከተማ ትንሽ ናት። ግማሹ ሰው በጀልባ፣ ግማሹ በእንጆሪ እርሻ ይኖራል፤ ከመንገዱ ወዲህ ማሳ፣ ወዲያ ወደብ። እትዬ ዓይናለም ከማሳዎቹ ጥግ ቁራሽ መሬት ተከራይተው ጎመንና ቃሪያ ያለማሉ። ጋሼ ጌታሁን ጎመኑን ጭነው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያደርሳሉ፤ ለቤታቸው ደግሞ ዓሣ ይገዛሉ።

በፈረንጆቹ 2015፣ የፍልሰታ ጾም እንደገባ፣ የሄዱባት ዓርብ ግን ሌላ ቀን ነበረች። ዝናብ ከጠፋ ዓመታት አልፈው ማሳው ተሰነጣጥቋል። ባሕሩ ለብ ብሏል። ጀልባዎቹ በሙሉ ታስረው ቆመዋል፤ ዓሣው ግን ራሱ ወደ ሰው የመጣ ይመስል ከወደቡ ሥር ውኃውን አጥቁሮታል።

«ዛሬ ለምን አልወጡም?» አሉ ጋሼ ጌታሁን ጀልባዎቹን እያዩ።

«እኔ ጎመን ሻጭ ነኝ፣ ምኑን አውቄው!» አሉ እትዬ ዓይናለም። «ይልቅ ያንን ይዩልኝ።»

አሸዋው ላይ አንድ የባሕር አንበሳ ተጋድሞ ራሱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። አያቆምም። ዓይኑ ፈጦ ምንም አያይም።

«ዛር ይዞታል። ሽቶ ይዘዋል ጋሼ?»

«ተይ፣ አትቀልጂ።»

«ካልቀለድኩ እፈራለኋ!»

ከወደቡ ወደ ባሕሩ በተዘረጋው የእንጨት ድልድይ ላይ መረብ የሚጥል አንድ ሰው አንድ ባልዲ ሰርዲን ሸጠላቸው። ጋሼ ጌታሁን እፍኝ ሙሉ አንስተው ለፔሊካኖቹ፣ ለባሕሩ ባለ ከረጢት መንቁር ወፎች፣ በተኑላቸው። እነሱንም የሚጠሯቸው አባ ኮዳ ብለው ነው። ወፎቹ እየተጋፉ ዋጡ፤ አፋቸውን ከፍተው ሌላ ጠበቁ።

«በቃ፣ ጥሩ ነው» አሉና ባልዲውን መኪናቸው ውስጥ አስገቡ።

ልጃቸው ራኬብ ፌርፋክስ ላይ በርበሬና ነጠላ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። ጋሼ ጌታሁን ከሱቁ ጓዳ ምድጃ ለኩሰው ሰርዲኑን እንደ አባታቸው ቤት የሆድ ዕቃውን ሳያወጡ፣ ከነራሱ፣ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ቀቀሉት።

«አባዬ፣ ዓሣ እኮ በጾም አይበላም የሚሉ አሉ» አለች ራኬብ።

«የሚሉት ወንዶች ናቸው። እርጉዝ አይደሉም።»

«ኦኬ፣ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ። ሁሉም ይጾም የለ?»

«አንቺ አትጾሚም። አሁን ብዪ፣ ለልጁ ስትዪ። ሐይቅ ዳር ያደገ አያት ነው ያለው፤ ዓሣ መልመድ አለበት።»

«እና አንተስ?»

«እኔማ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ያረገዝኩት የለ።»

ሳቀች። ሾርባውን በጎድጓዳ ሳህን ቀድተውላት፣ የመጀመሪያውን ማንኪያ እስክትጎርስ ቆመው አይተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ስልኩ ሲጮህ ሆቴሉ ደጅ የእንግዳ መኪና ውስጥ ነበሩ። እትዬ ዓይናለም ናቸው። ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ የለም።

«ጋሼ፣ አባ ኮዳዎችዎ ጎመኔ ላይ እየወደቁ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከሰማይ ነው የሚወድቁት! አንዱ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ይንዘፈዘፋል፣ ልክ እንደዚያ የባሕር አንበሳ። የወደብ ሰዎች ከሰርዲኑ ነው አሉ። ባሕሩ ሲሞቅ የሚመጣ መርዝ አለ፣ በዓሣው ሆድ ውስጥ ነው ያለው አሉ። ለዚህ ነው ጀልባዎቹ የታሰሩት።»

«ተቀቅሏል እኮ።»

«ቢፈላም አይለቅም። ሰውን ያስመልሳል፣ ያንዘፈዝፋል፣ ነገር ያስረሳል ነው የሚሉት። ጋሼ፣ እንዳትበሉት። ጋሼ?»

ጋሼ ጌታሁን የእንግዳውን መኪና ሞተሩ እንደተነሣ መንገድ ላይ ትተው ወደ ራሳቸው መኪና ሮጡ። ለራኬብ ደወሉ። አታነሣም። ፍሪዌዩ ተጨናንቋል፤ ከፊታቸው ያለው መኪና ሁሉ የቆመ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። እንዳሰበችው ጾማ ቢሆን ኖሮ ገና አልቀመሰችም ነበር። መሪውን ጨብጠው፣ ትታው ይሆናል፣ ማንኪያውን ስሄድ አስቀምጣው ይሆናል እያሉ ደግመው ደወሉ።

ሱቁ ክፍት ነው። ራኬብ ወንበር ላይ ጋደም ብላለች፤ ስልኳ ባንኮኒው ላይ ይበራል። ሳህኑ ታጥቦ ተደፍቷል።

«በላሽ?»

«ሁለት ጊዜ ቀዳሁ። ደስ ይበልህ።»

«ተነሺ። ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ምን ሆንኩና? ትንሽ አቅለሸለሸኝ እንጂ ደህና ነኝ።»

«እነሱም በልተው ደህና ነበሩ።»

«እነማን?»

ሆዷ ስለማያስጎነብሳት ተንበርክከው ጫማዋን ያጠልቁላት ጀመር። እግሯ አብጧል፤ ጫማው እምቢ አለ። ራኬብ ከላይ ሆና ፀጉራቸውን ዳበሰች።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፤ «ያንን የዓሣ ሾርባ መቼ ነው የምትሠራልኝ?»

ጋሼ ጌታሁን ቀና አላሉም። የጫማውን ክር አንዴ አሰሩት፤ ፈትተው እንደገና አሰሩት።