እናቴ የላሰችው መንጋጋ

ሰመራ ላይ ነፋስ ሲነሳ አፌ በአቧራ ይሞላል። ሌላው ይተፋል፤ እኔ ግን ምላሴን ላንቃዬ ላይ አጣብቄ እናቴን አስባታለሁ።

እናቴ ከወሎ ወርዳ ሚሌ ላይ፣ የጅቡቲ መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር፣ ምግብ ቤት ነበራት። ዓርብ ከሰዓት ደንበኛ ሲቀንስ እኔን አስከትላ ከከተማው ወጣ ያለውን ሸለቆ ትዞር ነበር። ዝናብ ያጠበውን አፈር አጎንብሳ ትቃኛለች፤ ዓይኗ የገባውን በምላሷ ጫፍ ትነካለች። "ድንጋይ ከሆነ ከምላስ ይሸሻል፣ የጥንት አጥንት ከሆነ ይጣበቃል" ትለኝ ነበር። ድሮ የጥንት አጥንት ለሚፈልጉ አጥኚዎች ስታበስል ያየችው ነው። ሾፌሮቹ "ምግብ ቤት ያላት ሴት አጥንት ትልሳለች!" እያሉ ሲያሾፉባት፣ "እናንተ ከጋጣችሁት ይሻላል" ትላቸዋለች።

አንድ ክረምት ማግስት ጥርሶቹ እንደተደረደሩ ያሉበት መንጋጋ አገኘች። ሳታነሳው በሆዷ ተኝታ ላሰችውና ዙሪያውን ድንጋይ ከመረችበት። አጥኚዎቹ ሲመጡ እየመራች ወሰደቻቸው፤ እኔና ጎረቤታችን ባለሱቁም ተከተልን።

አጥኚዋ ወጣት ሴት ነበረች። ተንበርክካ ብዙ አየችው። "እማማ፣ በዚህ ጥርስ የአፈሩን ዕድሜ እናውቃለን። እርስዎ ባያዩት ጎርፍ ይወስደው ነበር" አለቻት። የእናቴ ፊት በራ።

"የምን ነው፣ ልጄ?"

"የአሳማ ዘር ነው፤ የጥንት ከርከሮ።"

"አስተግፊሩላህ!" ብላ እናቴ የውሃ ጀሪካኗን አነሳች። ተጉመጠመጠች፣ ተፋች፣ ደግማ ተጉመጠመጠች። "አሳማ የነካው የሚታጠበው ሰባት ጊዜ ነው፣ አንዱ በአፈር" ስትል ባለሱቁ፣ "አፈሩንማ አስቀድመሽ ልሰሻል" አላት። ያን ቀን የሳቅነውን ሳቅ መቼም አልረሳውም።

ማምሻውን አጥኚዋ ወደ ምግብ ቤቱ መጣች። ያገኘው ሰው ስም ከመንጋጋው ጋር መመዝገብ ነበረበት። የሚጠበሰው ሽንኩርት ይሸታል፤ የመኪኖቹ መብራት ግድግዳው ላይ ያልፋል። ባለሱቁ አሁን አልሳቀም። "ተይ፣ ስምሽ ከአሳማ ጋር ከተጻፈ ሚሌ ላይ ማን ይበላልሻል?" አላት። እኔም ፈራሁ፤ የምንኖረው በዚያች ምግብ ቤት ነበር።

እናቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። እነዚያ ሁሉ ዓርቦች፣ ያ ሁሉ ፌዝ በዓይኗ ሲያልፍ ያየሁ መሰለኝ።

"አላህ የፈጠረውን ነው ያገኘሁት። ጻፊው" አለቻት። ቀጥላም፣ "ግን አለመብላቴንም ጻፊ።"

ለጥቂት ጊዜ አንዳንዱ ሾፌር ጥብሱን እያገላበጠ ማየቱ አልቀረም። ከዚያ ረሱት፤ እሷም ዓርቦቿን ቀጠለች።

ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። መንጋጋው አዲስ አበባ፣ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ተቀምጧል፤ ከሥሩ ስሟ አለ። አለመብላቷ ግን አልተጻፈም። በሄድኩ ቁጥር አጠገቤ ለቆመው ሰው ሁሉ እኔ እነግርላታለሁ።