የሙሽራዋ አባት ኮት

ሸዋንግዛው ኮቱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ያነጥፈዋል። ገበሩን ከታች በምላጭ ጫፍ ይከፍታል፤ ክሩን እንጂ ጨርቁን አይነካም። የጀርባውን መሃል ስፌት ይተረትራል፣ ብጥስጣሹን ክር በጣቱ ይለቅማል። በጠመኔ አዲስ መስመር ያሰምራል፣ በስፒል ይይዛል፣ ከዚያ የስፌት መኪናው ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ይሰፋል። የተረፈውን ጨርቅ ሌላ ልብስ ሰፊ ቆርጦ ይጥለዋል። እሱ ግን ወደ ውስጥ አጥፎ ይተኩሰዋል። ሰው ሲሻለው ይወፍራል፤ ያኔ ጨርቁ ከየት ይመጣል?

ሱቁ ፒያሳ ነው፣ ከአንድ ፎቅ ሥር። አሁን አሁን አዲስ ልብስ ከሚያሰፋው የሚያስጠብበው ይበዛል። ከእነዚህ ውስጥ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉትን ሳይነግሩት ያውቃቸዋል። «ትንሽ አሞኝ ነበር» ይላሉ፤ እሱም ከዚያ በላይ አይጠይቅም። ወንበር ይስባል፣ መጋረጃውን ይዘጋል፣ ሜትሩን ሲያነብ ድምፁን አያሰማም። ሱቁን ሲዘጋ ታዲያ ወገቡ ብቻ አይደለም የሚደክመው። አንዳንዱ ልብስ አልቆ ተሰቅሎ፣ የሚወስደው ሰው ሳይመጣ ይቀራል።

ጋሽ ክብሩ ግን በሽታቸውን በስሙ ነው የጠሩት። የከተማው ዩኒቨርሲቲ ንብረት ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

«የጨጓራ ካንሰር ነው፣ ሸዋ። ጎረቤት ሳይነግርህ ልንገርህ ብዬ ነው። ቅዳሜ ልጄን ኢየሩስን እድራለሁ። ኮቱ ከሆነልኝ እሄዳለሁ፤ ካልሆነ ቤቴ ሆኜ እጸልይላታለሁ።»

«ጋሼ ደግሞ! የሙሽራ አባት ቤት ይቀራል እንዴ?»

«ሰው ሙሽራዋን ትቶ እኔን ሲያይ እንዲውል አልፈልግም።»

የከሳ ሰው ልክክ ያለ ኮት ከለበሰ የባሰ ይከሳል። ስለዚህ ሸዋንግዛው ወገቡን በመጠኑ ብቻ አጠበበ፣ ትከሻው ውስጥ ስስ ስፖንጅ ጨመረ። ዋናው አሳባቂ ግን የሸሚዝ ኮሌታ ነው፤ አንገት እንደ ዱላ ቆሞ የሚታየው እሱ ሲላላ ነው። ከኮቱ ጋር ያመጡትን ሸሚዝ ኮሌታ ፈታ፣ ከመሃል አሳጠረ፣ መልሶ ገጠመ። ዓይኑን እያሸ ነበር የጨረሰው።

ሐሙስ ጋሽ ክብሩ ለልክ መጡ። መስተዋቱ ፊት ቆመው ቀና አሉ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«የሙሽራ አባት ነዋ!»

«ሚስቴ ብታየው ደግማ ታገባው ነበር» አሉና ሳቁ።

ሸዋንግዛው እጅጌውን ሊይዝ ስፒሎቹን በጥርሱ ነክሶ ጎንበስ እንዳለ፣ ከፊት ለፊት ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ሙሉመቤት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች።

«ጋሽ ክብሩ! ውይ በኢየሱስ ስም! ምነው እንዲህ ከሱ? አጥንትዎ ብቻ ቀረ እኮ!»

እንባዋ መጣ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ በጸሎት ፕሮግራም ላይ ስማቸውን የምታስጠራው እሷ ናት። እኛ ዘንድ «ከሳህ» ማለት ናፈቅኸኝ እንደማለት ነው። ሸዋንግዛው ስፒሎቹን ከአፉ እስኪያወጣ ነገሩ አልፏል። ጋሽ ክብሩ ኮቱን ቀስ ብለው አውልቀው ወንበሩ ላይ አኖሩት።

«ኮቱን አሳምረኸዋል፣ ሸዋ። የሰውን አፍስ የት ያስጠብቡታል?»

ወጡ።

«ምን አልኩ አሁን? አዝኜ እኮ ነው!» አለች ሙሉመቤት።

«አውቃለሁ። ሁሉም አዝኖ ነው።»

አርብ ሸዋንግዛው ኮቱን ተኩሶ፣ ባጃጅ ይዞ ባህል አዳራሽ ሰፈር ቤታቸው ድረስ ሄደ። ጋሽ ክብሩ ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል።

«ትናንት እሄዳለሁ ብዬ አልወጣሁም» አሉት።

«አልሄድምም ብለው አልወጡም።»

ሸዋንግዛው ኮቱን በሩ ላይ ካለው ምስማር ሰቅሎ፣ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርጎ ወጣ። ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ የቀረው በእሱ እጅ አይደለም። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ እንዲህ ይላችኋል፦

«ቅዳሜ ሰርጉ ላይ ብትገኙ፣ ወይ ሌላ ቦታ እንደሳቸው ያለ ሰው ብታገኙ፣ እባካችሁ 'ከሱ' አትበሉ። ቤታቸው መስተዋት አለ፣ ያውቁታል። 'እንኳን ደስ ያለዎት' በሏቸውና ወንበር ሳቡላቸው።»