ለመጫወቻ ባቡር የሠራነው ገመድ

ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። ፖሊሱ ከኋላዬ ገፍቶ በሩን ሲዘጋው ዓይኔ ገና ከውጭው ፀሐይ አልተላቀቀም፤ የጀንፈል ሽታ ግን ተቀበለኝ። ቤቱ ለፖሊስ ጣቢያ ከመሰጠቱ በፊት የአንድ ነጋዴ የቡና መጋዘን ነበረ አሉ፤ የጭቃው ግድግዳ ሽታውን ጠጥቶ ይዞታል። መስኮት የለውም። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት አለ፤ ብርሃኑም ዝናቡም የሚገቡት በዚያ ነው።

የታሰርኩት በመጫወቻ ባቡር ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል። ከሃምሳ ዓመት በላይ በየድግሱ አውርቼዋለሁ፣ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። የማወራው ግን ግማሹን ነው። በሌላው ግማሽ ውስጥ የሞተ ሰው አለ፤ ስሙን ለፖሊስ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። እዚያ ስደርስ እየዘለልኩ ኖሬያለሁ።

ያን ጊዜ ዲላ ውስጥ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ፤ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር መምህር ካርቶን ትቶልኝ ሄደ። ሲከፈት ውስጡ ክብ ሆኖ የሚገጣጠም ሐዲድ፣ ከሁለት ፉርጎ ጋር ክንድ የማይሞላ ባቡር፣ ባቡሩን ከሩቅ የሚያዙበት ባለማብሪያ ሳጥን አለ። ሳጥኑን ከሐዲዱ የሚያገናኘውን ገመድ ግን የትምህርት ቤቱ አይጦች በልተውታል። ከተማሪዎቼ ባቡር ያየ አንድም የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ያየሁት አንዴ ብቻ፣ አዲስ አበባ ለገሃር አጥር ላይ ተደግፌ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ በጠመኔ ከምደርቅ ባቡሩን አስኪጄ ላሳያቸው ቆረጥኩ።

ገመድ ፍለጋ የዲላን ሱቆች አዳረስኩ። ባለሱቆቹ የሚያውቁት ገመድ የአህያ ጭነት የሚታሰርበትን ነው። አንደኛው ለምን እንደፈለግሁት ጠየቀኝና ለባቡር ነው ስለው፣ «አስተማሪ፣ ባቡሩ በየት በኩል ሊመጣ ነው? ቤታችንን ያፈርሱብን ይሆን?» ብሎ ከልቡ ደነገጠ።

የደረሰልኝ የስልክ መስመር ሠራተኛው ነው። የቡሌ ሰው ነበር፣ ጌዴኦ፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሦስት ልጆች ያሉት። ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሲሠራ ከታች ሆኜ እያየሁ በጥያቄ ብዙ ጊዜ አድክሜዋለሁ፤ ኤሌክትሪክ የሚወድ ሌላ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረኝማ። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባ፣ ጥቁር ጎማ የለበሰ ሽቦ አለ። ሲዘረጋ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ይጥሉታል። እባክህ ጋሼ፣ ከዚያ ሰብስብልኝ ብዬ ለመንኩት። በሳምንቱ ጠቅልሎ አመጣው።

«ይሄ የሚጣል ነው፤ ልጆቹ ይማርበት» አለኝ።

ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ተቀምጠን ሠራነው። ስድስት ሽቦ ያስፈልግ ነበር፤ ሁለት ለሐዲዱ፣ ሁለት ባቡሩን ወደ ሌላ መስመር ለሚያዞረው መታጠፊያ፣ ሁለት ለጣቢያው መብራት። ፋብሪካ የሠራው ቢሆን በቀለም ይለያል። የእኛ ስድስቱም ጥቁር ናቸው። እሱ ከእንሰት ቃጫ ቀጭን ክር ፈተለና በየሽቦው ጫፍና ጫፍ ቋጠሮ አሰረ፤ ለመጀመሪያው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ ስድስት። ምሰሶ ላይ ዓይን ሌላ ሥራ ስላለው ሽቦ በጣት ነው የሚታወቀው አለኝ። ከዚያ ስድስቱን አንድ ላይ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር በቃጫ ጠቀለላቸው። ወደ አራት ክንድ የሚሆን፣ ጠንካራ፣ ያማረ ገመድ ወጣው።

ወሩ ግን ክፉ ወር ነበር። በየገጠሩ ጭሰኛውና ባለመሬቱ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ በጪጩ በኩል የስልክ መስመር ተቆርጧል ይባላል። አስተማሪ ሆኖ ተማሪዎችን ቤቱ የሚሰበስብ ሰው ደግሞ ያን ጊዜ በበጎ አይታይም። አስተማሪው ቤት ሽቦ ይገጣጠማል ብሎ ማን እንዳወራ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፖሊሶቹ ሲፈትሹ ያገኙት ጥቁር ገመድ፣ አሥራ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ማብሪያ ያለው ሳጥንና በእጄ የሣልኩት ንድፍ ነው። ንድፉ ላይ አንድ ቦታ «ድልድይ» ብዬ ጽፌያለሁ።

«የትኛውን ድልድይ ነው?» አለኝ የጣቢያው አዛዥ፣ መቶ አለቃው።

«የካርቶን ነው ጌታዬ። ገና ልሠራው ነው።»

«የካርቶን ድልድይ!» ወደ ጸሐፊው ዞሮ ሳቀ። ከዚያ ቋጠሮዎቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። «ይሄ ምልክት ነው። ስድስት ሰው ናችሁ ማለት ነው?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። መቶ አለቃው ሞኝ አልነበረም፤ ስድስት ሰው የምትለዋን ግን አልለቀቀም። ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ገመዱን በጩቤ መሃሉ ላይ ለሁለት ቆረጠው። ቀና ብሎም ሽቦውን ማን ሰጠህ አለኝ።

ነገርኩት። ስሙን፣ ሥራውን፣ ቡሌ የትኛው ሰፈር እንደሚኖር ጭምር።

ማንም አልመታኝም። ይህን መጻፍ አለብኝ። ገርፈውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጠለልበት ነገር ይኖረኝ ነበር። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገብኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ንጹሕ ሰው ስሙ ቢጠራ ምን ይሆናል? እንዲያውም ምስክር አገኘሁ ብዬ ቀለለኝ። ወደ ክፍሉ ተመልሼ ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና እሱን አስገቡት። ከቡሌ እስከ ዲላ የፊጥኝ ታስሮ በእግሩ ነው የመጣው። ፖሊሱ ገመዱን ፈትቶ ጥግ ላይ ጥሎት ወጣ። እጆቹ ከአንጓው ጀምሮ አብጠዋል፤ ጣቶቹ አይታጠፉም። ሰማያዊውን የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ ነው። እኔን ሲያይ ፊቱ በራ። አዎ፣ በራ።

«አስተማሪ! መቱህ?»

«አልመቱኝም ጋሼ።»

«እግዜር ይመስገን።»

አጠገቤ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ማን ነገራቸው ይሆን?» አለ።

«አላውቅም» አልኩት።

ለፖሊስ እውነቱን ተናገርኩ፣ ለወዳጄ ዋሸሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ልመልሰው አልቻልኩም። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

«ባለቤቴ ይመጣል» አለኝ በኋላ። «ቆጮ ይዞ ይመጣል። ትበላለህ።» በእሱ አማርኛ ሚስቱም ባቡሩም ዝናቡም «እሱ» ነበሩ።

እውነትም ከኋላ ከኋላ ተከትላው ኖሯል፤ ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። እንድትገባ አልፈቀዱላትም። ድምጿን ብቻ ሰማን። ፖሊሱ ቆጮውን ቆራርሶ ፈትሾ በኮባ እንደተጠቀለለ አቀበለን። ወዳጄ ባልታዘዘለት እጁ ለሁለት ገመሰውና ትልቁን ወደ እኔ ገፋው። አልወርድልህ አለኝ። የምኮራ መስሎት ይሆን ብዬ ስለፈራሁ እንደምንም ዋጥኩት።

ብዙም ሳይቆይ መቶ አለቃው በሩ ላይ ቆመና የተቆረጠውን ገመድ እግራችን ሥር ወረወረው።

«ባቡር ነው ትላላችሁ። እንግዲያው ሥሩትና ሲሄድ ልይ። ካልሄደ ሌላ ነው የምንነጋገረው።»

እኔ በደስታ ተነሣሁ። «ጋሼ፣ ዳንን እኮ!» አልኩት። እሱ ገመዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«ይሄ ከሄደ አንተ ትወጣለህ?»

«ሁለታችንም እንወጣለን!»

ሽቦውን በአውራ ጣቱ ጀርባ ዳበሰው። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «የእኔ እጅ እምቢ ብሏል። እጅህን አውሰኝ።»

ቢላ አልነበረንም፤ ጎማውን በጥርሴ ነው የገፈፍኩት። የተቆረጠው መሃሉ ላይ ስለሆነ እዚያ ቋጠሮ የለም፤ ስድስት ከስድስት ጥቁር ጫፍ ተፋጠጡ። ባለ ሦስቱን ቋጠሮ ከወዲያ ጫፍ ጎተት አድርገው ይለኛል፤ በወዲህ የሚንቀሳቀሰውን እይዛለሁ። ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ልቀጥል ስል ተቆጣኝ። «አይነካካ! አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አርግ። ምሰሶ ላይ እንዲህ ብትሠራ አለቃ ያባርርሃል።» መጋጠሚያውን ከቆጮው ኮባ እየቀደድን ሸፈንነው። ማሰሪያ ሲያጥረን በዓይኑ ወደ ጥግ አሳየኝ። እሱ ታስሮበት የመጣው ገመድ ቃጫ ነበር። ከዚያ ላይ ክር እየፈታሁ ሽቦዎቹን ጠቀለልኩ።

ሐዲዱን በመቶ አለቃው ቢሮ ወለል ላይ ገጣጠምኩት። ማብሪያውን ስገፋው ባቡሩ ሄደ።

ፖሊሶቹ ተሰበሰቡ። አንዱ እንደ ልጅ አጨበጨበ። መቶ አለቃው ቁጢጥ ብሎ ሳጥኑን ከእጄ ወሰደና ወደ ፊት አስኬደው፣ ወደ ኋላ መለሰው፣ መታጠፊያው ላይ አዞረው፣ መብራቱን አበራ። «ወደ ኋላም ይሄዳል እኮ!» ይላል። ወዳጄ ግድግዳው ጋ ቆሞ ፈገግ አለ፤ በሥራው ደስ ብሎት ነበር። ያችን ደቂቃ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ልቤ ይሰበራል።

መቶ አለቃው ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«አስተማሪ፣ መጫወቻ ነው። ልብስህን ያዝና ሂድ።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረ። «ሽቦው ግን የመንግሥት ነው። መስመር በተቆረጠበት ወር የመንግሥት ሽቦ ከእጅህ ወጥቷል። አንተ ትቆያለህ።»

«ቁርጥራጭ ነው ጌታዬ፣ የሚጣል ነው» አልኩ።

«አንተን አልጠየቅሁም።» ዓይኑን ከእሱ ላይ አላነሣም። «አስተማሪው ነው አምጣልኝ ያለህ? እሱ ከሆነ ንገረኝ።»

«አላለኝም» አለ ወዳጄ። «እኔ ሰጠሁት።»

እኔ ለምኜው ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ልብስህን ያዝና ሂድ የሚለው ቃል ገና በጆሮዬ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ፈሪ ነበርኩ። ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም።

ጋቢዬን ላነሣ ወደ ክፍሉ ስመለስ እሱም ከእኔ ጋር ተመለሰ። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ ቶሎ በል ይላል። ወዳጄ ቀስ ብሎ ከጎኔ ቆመና የካፖርቱን ቁልፎች መቆለፍ ጀመረ። ያበጡት ጣቶቹ ያዳልጡታል። ልረዳው እጄን ስሰድ በክንዱ መለሰኝ። እስከ አንገቱ ቆለፈው፣ አንገትጌውን አስተካከለ።

«ልሸኝህ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ኧረ ቁጭ በል።»

«እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም።»

ከጥጉ እስከ በሩ አራት እርምጃ ናት። አራቱንም ከጎኔ ሄደ። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመና ፖሊሱ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማን እንደነገራቸው አውቃለሁ። ሲይዙኝ ነገሩኝ። ባቡሩ ከሄደ ሽቦው የመንግሥት ነው ብሎ እኔን እንደሚያስቀር፣ ይሄንንም አውቅ ነበር።» ትከሻዬን ባበጠው እጁ ጀርባ ነካ አደረገኝ። «ለባለቤቴ አትንገር። እሱ ካወቀ ልጆቹን ወደ አንተ አይልክም። ልጆቼ ይማር።»

በሩ ተዘጋ።

ገመዱን ለማስረጃ አስቀሩት። እሱን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ትልቁ ወህኒ አዛወሩት፤ ጉዳዩ ሳይታይ ተስቦ ገደለው። የነገረችኝ ሚስቱ ናት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ሦስቱን ልጆች ይዛ።

አስተማርኳቸው፤ እኔ ቤት እየኖሩ ነው የተማሩት። ሚስቱ በዓል በመጣ ቁጥር ከቡሌ ድረስ በእግሯ ቆጮ ተሸክማ ትመጣለች። እጄን ይዛ ትመርቀኛለች፤ የባሌ እውነተኛ ወዳጅ አንተ ብቻ ነህ ትለኛለች። ቀና ብዬ አይቻት አላውቅም። ሰው ትሕትና ነው ይለው ነበር።

አምና ሞተች። እሱ አትንገር ያለኝ ለእሷ ነው፤ ለልጆቹ ምንም አላለኝም። ትልቋ ልጅ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ እኔን አባባ ብላ ነው የምትጠራኝ። ዓይኗ ስለደከመ ይህን በትልልቁ ጽፌዋለሁ። እሑድ ስትመጣ የምሰጣት ከምሳ በፊት ነው፤ አንብባ እቤቴ እህል መቅመስ ባትፈልግ መብቷ ነው።